መዋሸት የማይችል እንዴት ይከዳል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ያሰባሰብናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ስለ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ናቸው፤ ለወጣቶች ስለሚጻፍ የፌሪ ምናባዊ ልቦለድ፣ በተለይም ስለ ሁለተኛው መጽሐፍ። ለጉዳዩ አዲስ ለሆነ አንባቢ፦ ፌሪዎች በስኮትላንድና በአየርላንድ የቆየ እምነት ከሣር ጉብታ ሥር የሚኖሩ፣ ንግሥትና ሹማምንት ያሏቸው፣ ሰው የሚሰርቁና ሰው የሚያፈቅሩ ስውር ሕዝቦች ናቸው። ክንፍ አውጥተው አበባ ላይ የሚቀመጡት ትንንሾቹ ከኋለኛው ዘመን ጽሑፍና ሥዕል የመጡ ናቸው። የዛሬዎቹ ልቦለዶች የሚቀዱት ግን ከፊተኞቹ፣ ከሚፈሩት ነው።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ጨርሻለሁ። ጀግናዬ ወንድሟን ከፌሪዎች ለማስለቀቅ ሰባት ዓመት በር ጠባቂያቸው ልትሆን ምላ ነው የሚያልቀው። በሁለተኛው ሥልጣን አላት፤ ያለ እሷ ፈቃድ የሚገባም የሚወጣም የለም። ዘጠና ገጽ ከጻፍኩ በኋላ ግን ታሪኩ ቆመብኝ። ምን አጠፋሁ? (ከአዲስ አበባ)

ታሪኩ የቆመብሽ ጀግናሽ የፈለገችውን ስላገኘች ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ የሌላትን ትፈልግ ነበር፤ አሁን ያላትን መጠበቅ አለባት። መጠበቅ ደግሞ ታሪክ የሚሆነው የሚጠበቀው ነገር ሲያፈስ ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ጠላት ከመፍጠርሽ በፊት ወደ መሐላው ተመለሺ። መሐላውን ቃል በቃል በአንድ ወረቀት ላይ ጻፊው። «ሰባት ዓመት ልታገለግል ማለች» የሚል ማጠቃለያ አይበቃም፤ ከአፏ የወጣው ዓረፍተ ነገር ራሱ ነው የሚያስፈልግሽ። ለምሳሌ እንዲህ ነበር እንበል፦ «ሰባት ዓመት በሩን እጠብቃለሁ፤ ያለ ፈቃዴ የሚያልፍ አይኖርም፤ ወንድሜም ወደ ቤቱ ይመለሳል።»

አሁን እንደ ክፉ ጠበቃ ሆነሽ አንብቢው። «በሩን» ይላል፤ የትኛውን? ንግሥቲቱ በጓሮ ሌላ በር ብታስከፍት መሐላው ፈረሰ? «የሚያልፍ አይኖርም» ይላል፤ ጀግናሽ ራሷ ለማለፍ የማንን ፈቃድ ትጠይቃለች? «ይመለሳል» ይላል፤ መቼ? በስንት ዓመቱ? ሽማግሌ ሆኖም መመለስ መመለስ ነው። ከአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ቀዳዳ ወጣ፤ ሦስቱ ቀዳዳዎች የሁለተኛው መጽሐፍ ሦስት ክፍሎች ናቸው። በዚያው ወረቀት ጀርባ ማን ምስክር እንደነበረ፣ መሐላው በምን እንደሚፈርስና የፈረሰበት ወገን ምን እንደሚከፍል ጻፊ። ይህን ወረቀት ሳትጨርሺ ዘጠና አንደኛውን ገጽ አትጀምሪ።

ሁለተኛው ስሕተት የመነሻው ቀን ይመስለኛል። ከመሐላው ማግስት ከጀመርሽ ሰባት ዓመት ሙሉ ፊትሽ ተዘርግቶ አንባቢው የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም። ከሰባተኛው ዓመት መጨረሻ ጀምሪ፤ መሐላው ሊያልቅ አርባ ቀን ሲቀረው። የስኮትላንዱ «ታም ሊን» የተባለው የግጥም ተረት ኃይሉን የሚያገኘው ከዚህ ነው። ሮበርት በርንስ ያቀበለው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1796 ታትሟል። በተረቱ ፌሪዎች በየሰባት ዓመቱ ለሲኦል አሥራት ይከፍላሉ፤ በእነርሱ ዘንድ የሚኖረው ወጣት ታም ሊን የዘንድሮው አሥራት እሱ እንዳይሆን ይፈራል። የምታፈቅረው ጃኔት እሱን የምታድንበት አንድ ሌሊት ብቻ ነው ያላት። ስለ ሰባቱ ዓመት ብዙም አይተረክም፤ የሚተረከው ያቺ ሌሊት ናት።

ሥልጣኗንም በቁጥር ያዢው። በመጽሐፉ ውስጥ በሩን በራሷ ውሳኔ ሦስት ጊዜ ትዝጋ ወይም ትክፈት። የመጀመሪያው የፈለገችውን ያስገኝላት፤ ሁለተኛው ያልጠበቀችውን ጠላት ያፍራባት፤ ሦስተኛውን ያ ጠላት አስቀድሞ አስቦበት ይሁን። በየሃያ ገጹ ሥልጣኗን የምታሳይ ከሆነ አንባቢው መፍራቱን ይተዋል።

«ፌሪ»ን በአማርኛ ምን ልበለው? ጓደኞቼ «ዛር» በለው፣ «ጂኒ» በለው ይሉኛል። (ከሐዋሳ)

«ፌሪ» ብለህ ተወው። «ጋኔን» ካልከው አንባቢው ጸበል ያስባል፤ ከጋኔን ጋር የሚደረግ ፍቅርም በአማርኛ ሌላ ታሪክ ነው። «ጂኒ»ም የራሱ ሃይማኖታዊ ቦታ አለው።

የ«ዛር» ነገር ግን ጠለቅ ያለ ስለሆነ የጓደኞችህን ሐሳብ አልንቀውም። በእኛ አገር በዛር ዙሪያ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት፤ ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ ፈርታ ውብ ውቦቹን አሥራ አምስቱን ደበቀች፤ የተደበቁትም ከሰው ዓይን ተሰውረው ቀሩ፣ ዛር ሆኑ። አይስላንዶችም ስለ ስውር ሕዝቦቻቸው የሚያወሩት ታሪክ ከዚህ የሚቀራረብ ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ሔዋን የደበቀችው ገና ያላጠበቻቸውን ልጆች ነው። ሁለቱ ታሪኮች ይህን ያህል መመሳሰላቸው ያስደንቃል፤ ለልቦለድህ ፌሪዎች የዘር ሐረግ ብትፈልግ ከዚህ የበለጠ አታገኝም።

ነገር ግን አሠራራቸው ተቃራኒ ነው። ዛር ወደ ሰው ይመጣል፣ ይሰፍርበታል፣ በሰውየው አፍ ይናገራል። ፌሪ ሰውን ወደ ራሱ ይወስዳል። የአንተ ታሪክ የመወሰድና የመመለስ ታሪክ ከሆነ «ዛር» የሚለው ቃል በየገጹ ይጋጭብሃል። ከዚያም በላይ ዛር ዛሬም ቡና የሚፈላለት፣ ሰዎች የሚታመሙበትና የሚታከሙበት ሕያው እምነት ነው፤ እንደ ጌጥ አንስቶ ልዑል ማልበስ አይገባም። ለሹመቶቹ ግን የራሳችንን ቃል ተጠቀም፤ «ባለሟል»፣ «አጋፋሪ»፣ «እልፍኝ አስከልካይ» የሚሉት ለፌሪ ቤተ መንግሥት ልክ ናቸው።

በመጽሐፌ ፌሪዎች መዋሸት አይችሉም። ታዲያ ልዑሉ ጀግናዬን እንዴት ይክዳት? ደጋግሜ ብሞክርም ወይ ይዋሻል ወይ ክህደቱ ከሩቅ ይታወቃል። (ከባሕር ዳር)

ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ በጣም የወደድነው ይህን ነው፤ አማርኛ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላልና።

በመጀመሪያ የሕጉን ምንጭ ልብ በል። ፌሪ አይዋሽም የሚለው በብዙ ዘመናዊ ልቦለዶች የተለመደ ሕግ ነው። በስኮትላንዱ የቶማስ ተረት ግን መዋሸት የማይችል ምላስ የሚሰጠው ለሰው ነው። ቶማስ ከፌሪዎች ንግሥት ጋር ሄዶ ሰባት ዓመት ይቆያል፤ ንግሥቲቱም ፖም ሰጥታ ከእንግዲህ ምላስህ አይዋሽም ትለዋለች። ቶማስ አያመሰግናትም። እንዲህ ሆኜ በገበያ መግዛትና መሸጥ፣ በልዑል ፊት መናገር፣ ከሴት ወይዘሮም ፍቅር መለመን እንዴት ይሆንልኛል ብሎ ይቃወማል። ሦስቱን ቦታዎች አስተውላቸው፦ ገበያ፣ አደባባይ፣ ፍቅር። መዋሸት ያልቻለ ሰው የሚጨነቀው በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ነው፤ ልዑልህም ቃል መምረጥ ያለበት እዚያው ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። ቅኔ ሰሙን አሰምቶ ወርቁን ይደብቃል፤ አንዱ ኅብረ ቃል ሁለቱን ይሸከማል። ፌሪህ የቅኔ ሰው ነው፤ የሚናገረው ሁሉ እውነት ነው፣ ሰሚዋ ግን ሰሙን ይዛ ትሄዳለች። ሦስት መንገድ ላሳይህ።

አንደኛው ድርብ ቃል ነው። ጀግናዋ ንግሥቲቱ ፊት ተንበርክካ «የወንድሜ ነገር...» ስትል ንግሥቲቱ ከመስኮቱ ሳትዞር «ይቅር» ትላለች። ጀግናዋ ምሕረት የተደረገለት መስሏት እጅ ነሥታ ትወጣለች። ንግሥቲቱ ያለችው ግን ይቅር ነው፤ እዚህ ይቅር፣ አይሂድ። አንድ ቃል ነው፣ አነጋገሩም አንድ ነው፣ ውሸት የለበትም።

ሁለተኛው የአክብሮት ብዙ ቁጥር ነው። በአማርኛ ግሥ፣ በሦስተኛ መደብ፣ አንድ የተከበረ ሰውና ብዙ ሰዎች አይለዩም። ልዑሉ በጨዋታ መካከል «ንግሥቲቱን አሟቸዋል፣ ከአልጋ አልተነሡም» ይበል። ከጥቂት መስመር በኋላ ጀግናዋ ቀኑን ሙሉ ስለፈራቻቸው ወታደሮች እያሰበች «ነገ ማታ ይመጣሉ?» ብላ ትጠይቅ። እሱም «አይመጡም» ይላታል። እውነቱን ነው፤ ንግሥቲቱ አልመጡም፣ ወታደሮቹ ግን መጡ። አንባቢው ወደ ኋላ ገልጦ ሲያይ ፍንጩ ከነገሩ በሦስት መስመር ርቀት ተቀምጦ ያገኘዋል። «እሳቸው» ወይም «እነሱ» የሚለውን ተውላጠ ስም ከሁለቱም አፍ አውጣ፤ አንዱ ከገባ ነገሩ ይፈርሳል።

ሦስተኛው የጥብቀትና የልላት ጨዋታ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። ከፌሪዎች ቤት የመጣ የግብዣ ወረቀት «እንግዳው ከማዕዱ ላይ ይበላል» ቢል፣ ላልቶ ሲነበብ እንግዳው ይመገባል፣ ጠብቆ ሲነበብ እንግዳው ራሱ ምግብ ይሆናል። ግሩም ነው፤ ነገር ግን በደብዳቤ ብቻ። ሰውየው አፉን ከፍቶ ከተናገረው ወይ አጥብቆ ወይ አላልቶ መናገሩ ስለማይቀር ሰሚዋ ታውቃለች። ስለዚህ ክህደትህ በጥብቀት ላይ ከቆመ ወረቀት፣ ማኅተምና መልእክተኛ አዘጋጅ።

ከሃዲው ማን እንደሆነ እስከ መጨረሻ መደበቅ ከፈለግህ ሌላ ችግር አለ። አማርኛ ግሥ ፆታ ያወጣል፤ «ከፈተችው» ካልክ ግማሹን ነገርህ ተናግረሃል። መፍትሔው «ተከፈተ» ማለት ነው፤ ወይም ስለዚያ ቤት ሰዎች ሁሉ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረህ በአክብሮት ብዙ ቁጥር ተናገር። በምዕራፍ አሥር ላይ ድንገት ብትጀምረው አንባቢው ይነቃብሃል።

ክህደቱ ከሩቅ የሚታወቅብህ ምናልባት ከሃዲው ሌላ ጉዳይ ስለሌለው ይሆናል። ከጀግናዋ ጋር ከመማማሉ በፊት ለሌላ ሰው የገባው የቆየ ቃል ይኑረው፤ ሲከዳት ያንን ቃል እየጠበቀ ይሁን። ያኔ አንባቢው በሰውየው ይናደዳል እንጂ በጸሐፊው አይናደድም። ፍንጩን ሁለት ቦታ አስቀምጥ፤ አንዱን ጀግናዋ ስትስቅ፣ አንዱን ስትቸኩል። በሁለተኛው ፍንጭና በክህደቱ መካከል ቢያንስ ሃምሳ ገጽ ይኑር። ክህደቱ ሲመጣ መጀመሪያ ውጤቱን አሳይ፦ በሩ ተከፍቷል፣ ጠባቂዎቹ ወድቀዋል። ዓረፍተ ነገሩ ከዚያ ይታወሳት። ከሃዲው ቆሞ ሁለት ገጽ እንዲያስረዳ አታድርግ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከፌሪዎች ጋር ዓመታት የኖረች ልጅ «አይመጡም» ሲሏት «እነማን?» ብላ መጠየቅ ታውቃለች። ያልጠየቀችበትን ምክንያት አንተ ስጣት። ከሁሉ የሚሻለው መልሱን ፈርታ አለመጠየቋ ነው፤ እያፈቀረችው ስለሆነ።

በጠላትነት የጀመሩ ሁለት ሰዎች ወደ ፍቅር የሚሄዱበትን መንገድ እንዴት ልሥራው? እሱ የፌሪ ልዑል ነው፣ ሦስት መቶ ዓመቱ፤ እሷ አሥራ ሰባት ናት። ተማምለዋል፤ ያዘዘችውን ሁሉ መፈጸም አለበት። (ከመቐለ)

ከትእዛዙ እንጀምር። ያዘዘችውን ሁሉ የሚፈጽም ሰው «እወድሻለሁ» ቢል ወይም ሊስማት ቢቀርብ ፈቃዱ ይሁን ግዴታው አይታወቅም፤ እሷም አታውቅም። ይህ በዝርዝር የሚፈታ እንጂ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ከመጀመሪያው መሳም በፊት ትእዛዙን ታንሣ፤ በቃል፣ በምስክር ፊት፣ ሥልጣኗን እንደምታጣ እያወቀች። በሁለተኛው መጽሐፍ ፍቅርና ሥልጣን የሚገናኙበት ትልቁ ትዕይንት እሱ ነው። ከተነሣለት በኋላ ሳይሄድ ቢቆይ፣ ያቺ አንድ መቆየት አሥር ገጽ የፍቅር ንግግር ትተካለች።

የዕድሜው ነገርም በግልጽ ይነገር። ሦስት መቶ ዓመት የኖረና ያንን ሁሉ ያየ ሰው ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጋር እኩል አይደለም። ወይ በሕዝቡ አቆጣጠር ገና ያልጎለመሰ፣ ሹመት ያልተሰጠው፣ እንደ እሷ ስለ ዓለም የማያውቅ ወጣት አድርጊው፤ ወይ ቁጥሩን ጣይው። ሦስት መቶ የሚለው ቁጥር ለታሪኩ ምን ሠራ? ብዙ ጊዜ ምንም አይሠራም። አካላዊ ነገሩም በዚህ ዕድሜ ከመሳም አይለፍ።

መንገዱን ለመሥራት ደግሞ አማርኛ የሰጠሽን ተጠቀሚ፦ «እርስዎ»ና «አንተ»። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ይህ መሣሪያ በእጁ የለም። ጀግናሽ ልዑሉን በመጀመሪያው መጽሐፍ «እርስዎ» እያለች ትጥራው፤ እሱ «አንቺ» ይበላት። ያዘዘችውን እንዲፈጽም ሲማማሉ በጥላቻ «አንተ» ትበለው። ይህ የሥልጣን «አንተ» ነው፤ አንባቢው ይሰማዋል። ትእዛዙን ስታነሣ ደግሞ ወደ «እርስዎ» ትመለስ፤ ነፃ ሰው ሆኗልና። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁለተኛው «አንተ» የፍቅር ነው፤ ቃሉ ያው ነው፣ ክብደቱ ግን ሌላ ነው። ሁለተኛውን «አንተ» ለመጀመሪያ ጊዜ የምትልበትን ዓረፍተ ነገር አጭር አድርጊው። «ብርድ ነው፤ አንተ ግባ።» ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ሲከዳት ደግሞ አትስደበው። «ይቀመጡ» ትበለው። ያቺ «ይቀመጡ» ከጥፊ ትከፋለች።

በሥራ ላይ የሚበላሸው ነገር የግሥ መመሳሰል ነው። «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ «መጣህ» ብሎ መጨረስ በረቂቅ ውስጥ በብዛት ይገኛል። ለእያንዳንዱ ጥንድ ሰው አንድ ሠንጠረዥ ሥሪ፤ በአንድ በኩል ምዕራፍ፣ በሌላ በኩል ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራ። ረቂቁ ሲያልቅ ንግግሮቹን ብቻ አውጥተሽ ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ ዓይን ያለፈውን ጆሮ ይይዘዋል።

ስለ ጭካኔው ደግሞ ልባዊ ምክር፦ ልዑሉ ለዓለም አስፈሪ ይሁን፣ ጀግናዋን በማዋረድ የሚደሰት ግን አይሁን። በመጀመሪያው መጽሐፍ አዋርዷት ከነበረ ይቅርታው ዋጋ ያስከፍለው፤ ማዕረግ፣ ወገን ወይም ቃል ይጣ። በ«ታም ሊን» ፍቅር የሚለካው በመያዝ ነው። ጃኔት ጥቁሩን ፈረስ ታሳልፋለች፣ ቡናማውን ታሳልፋለች፣ ነጩ ላይ ያለውን ጎትታ ታወርዳለች። በእቅፏ ሳለ ፌሪዎች እንሽላሊት መሰል ፍጥረት፣ እባብ፣ ድብ፣ አንበሳ፣ የጋለ ብረት፣ በመጨረሻም ፍም ያደርጉታል። አትለቀውም። ፍሙን ውኃ ውስጥ ስትጥለው ራቁቱን ሰው ሆኖ ይወጣል፤ በካባዋ ትሸፍነዋለች። ምን እንደሚመጣ በዝርዝር አስቀድሞ የነገራት እሱ ራሱ ነው። አንዱ እውነቱን ይናገራል፣ አንዷ አትለቅም፤ የመተማመን ትዕይንት ስትጽፊ ሁለቱም መኖራቸውን አረጋግጪ።

ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በእንግሊዝኛ የፌሪ ልቦለዶችን ታነባለች። የመጀመሪያውን አይቼ ፈቅጄላት ነበር፤ አሁን ሁለተኛውን ልግዛላት? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

የመጀመሪያውን ማየትዎ ጥሩ ነው፤ ለሁለተኛው ግን አይበቃም። በእነዚህ ተከታታዮች ሁለተኛው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ጠንከር ይላል፤ መርዝ፣ ማሠቃየት፣ ፍቅሩም የበለጠ ይገፋል። በመጀመሪያ ከሽፋኑ ጀርባ ወይም ከውስጥ እጥፋቱ የዕድሜ ምልክት ይፈልጉ፤ በአሜሪካ ብዙ የወጣት መጻሕፍት አሳታሚዎች ከአሥራ ሁለት ወይም ከአሥራ አራት ዓመት በላይ ብለው ያትማሉ። ምልክቱ ከሌለ ይጠንቀቁ፤ ሽፋናቸው የሚመሳሰል ግን ለአዋቂዎች የተጻፉና አልጋውን በግልጽ የሚተርኩ የፌሪ የፍቅር ልቦለዶች በመደብር መደርደሪያም ሆነ በኢንተርኔት አጠገብ ለአጠገብ ይገኛሉ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ይጠይቁ፤ ለወጣቶች ወይስ ለአዋቂዎች ተብሎ እንደተመዘገበ ወዲያው ይነግሩዎታል። ጊዜ ካለዎት ከመጽሐፉ ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ያሉትን ሁለት ምዕራፎች እርስዎ ራስዎ ያንብቡ፤ ከባዱ ነገር የሚከማቸው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ካነበበችም በኋላ «ልጁ ለምን እንዲህ አደረጋት? አንቺ ብትሆኚስ?» ብለው ይጠይቋት። በነዚህ መጻሕፍት ጭካኔ የፍቅር ምልክት ሆኖ ሲቀርብ እናት አጠገብ ብትኖር ይጠቅማል።

ፌሪዎቼ ብረት ይፈራሉ። ጀግናዬ ቢላ ስላላት ችግሩ ሁሉ በቢላ ይፈታል። (ከደሴ)

ብረቱን አታንሣው፣ ወሰን አብጅለት። እ.ኤ.አ. በ1692 ያረፈው የስኮትላንዱ ቄስ ሮበርት ከርክ ስለ ፌሪዎች በጻፈው ድርሳን ሰዎች በምጥ ላይ ባለች ሴት አልጋ ውስጥ ዳቦ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ወይም ቁራጭ ብረት እንደሚያኖሩ መዝግቧል፤ እንዳትሰረቅ። በእኛም አገር አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ቢላ ወይም ሌላ ብረት ከአጠገቧ የሚያኖሩላት አሉ። በሁለቱም ቦታ ብረት የሚጠብቀው ደፍ ነው፤ አልጋን፣ በርን፣ የሕጻን መኝታን። የሚያጠቃ መሣሪያ አይደለም። በመጽሐፍህም እንዲያ ይሁን፦ ብረት ያስቆማል እንጂ አይገድልም፤ በተሰካበት ቦታ ብቻ ይሠራል፤ ቢላውን በሩ ላይ ከሰካችው ደግሞ ባዶ እጇን ትቀራለች። አንዱ ችግር ተፈትቶ ሌላው ይጀምራል።

ታሪክህ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ ግን አንድ ነገር ጠብቅ። ብረት ቀጥቃጭንና ስውር ኃይልን ማገናኘት በአገራችን ሰዎችን ቡዳ እያሰኘ ያስገለለና የጎዳ ነገር ነው። ቀጥቃጩን የምሥጢር ሰው አድርገህ ያንን ክስ እንደ እውነት አታቅርበው።

በሁለተኛው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያውን ታሪክ ምን ያህል ልድገም? አጠቃላይ ርዝመቱስ? (ከጎንደር)

ከአንድ ገጽ አትለፍ፤ እሱንም በአንድ ቦታ አትከምረው። ያለፈውን የዛሬ ጠባሳ አድርገህ አሳይ፤ «ወንድሟ ከተመለሰ ወዲህ ጨው አይቀምስም» የምትል አንድ መስመር የመጀመሪያውን መጽሐፍ ግማሽ ትነግራለች። መሐላው ግን ሳይሸራረፍ ይደገም፤ ቃል በቃል፣ በመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት ገጾች ውስጥ። አንባቢው ቃሉን ካላስታወሰ ክህደቱ አይገባውም። የሰዎች ስም ዝርዝር በመጨረሻ ገጽ ማኖር ይቻላል፤ ስምንት ከበለጡ።

ርዝመትን በውጭ መጻሕፍት የቃላት ቁጥር አትለካ። «አላስገባኋችሁም» በአማርኛ አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ስድስት ያህል ይሆናል። በምዕራፍ ቁጠር፤ ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ ምዕራፍ፣ እያንዳንዱ ከስምንት እስከ አሥር ገጽ። መሐላው የሚያልቅበት ቀን በመጨረሻው ምዕራፍ ሳይሆን ከመጨረሻው ሦስት ምዕራፍ ቀደም ብሎ ይዋል፤ ካበቃ በኋላ በሩ የማን እንደሆነ የሚጣሉበት ቦታ ይኑርህ።